የሰይድ ዓይን

ሐሚዳ ፍራሹ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ከጎኗ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አንደኛዋ ተመልሳ መጣችና የረሳችውን ነጠላ ከሐሚዳ እግር ሥር ጎትታ ወሰደች። ወንድሟ ሰይድ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ያለው የእናቷ ቤት ከወሎ በመጣ ዘመድ ተጨናንቋል፤ ለእሷ ግን ሁልጊዜ ሰፊ ቦታ ይለቀቅላታል።

«ሽቦዋ መጣች» አለች አንዷ፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ።

ስሙ ከወጣላት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ ይዛ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ትንሹ ሰይድ እግሯ ሥር ወደቀና ዓይኑን ይዞ አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሞች ያንን ዓይን አወጡት። ሽቦው እንዳልነካው ሐሚዳ ታውቅ ነበር። ቀደም ብሎም ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን ሲያበራ አይታ ለእናቷ ተናግራለች። ማን ይስማት።

ሰይድ ግን ተጠቀመበት። ዳቦዋን ሲያምረው ደህናውን ዓይኑን በመዳፉ ይከድንና እጁን ይዘረጋል፤ ትሰጠዋለች። አድጎም ሰው የሚያስቅ፣ ሰው የሚወደው ሆነ። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ የመስታወት ዓይኑን አውልቆ መልማዩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ይኸኛው ይዝመት፤ ጥይት አይፈራም» አለ ይባላል። ይህ ለቅሶ ቤቱም ውስጥ ተነሥቶ ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

«የኔ ልጅ ግን ሁለት ዓይን ነበረው» አለች አንዲት ጎረቤት። ሳቁ ጠፋ።

አምና የሰይድ እግር አበጠ፤ ዕጢው አጥንት ውስጥ ነበር። እግሩ ሲቆረጥ ሐሚዳ ከዕጢው ቁራጭ ወሰደች። ሥራዋ ካንሰር መመርመር ነው። የሰይድንና የልጁን ደም፣ የራሷ እናትም ለቀዶ ሕክምናው ከሰጠችው ደም ጥቂት አስቀርታ፣ በበረዶ አሽጋ ስዊድን ወደ ተማረችበት ቤተ ሙከራ ላከች። መልሱ ግልጽ ነበር። ሰው በዘር ቅንጣቱ ላይ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ምልክት ይወርሳል። በሰይድ ደም ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ በዕጢው ውስጥ ግን የአባቱ ጠፍቶ የእናቱ ብቻ ቀርቷል። በሽታው ያለው ከቀረው ጋር ነው። ዓይኑንም እግሩንም የበላው አንድ ነገር ነው። ገና ጥርስ ልታወጣ ድዷን የሚያሳክካት ልጁ ዘምዘምም የወረሰችው ያንኑ ምልክት ነው።

ይህን ለሰይድ የነገረችው ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ ሆና ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዳቦ በከንቱ ነው የበላሁብሽ?» አለ። ለእማ ራሱ እንደሚነግራት ቃል ገባ። ሳይነግራት ሞተ። ሦስት ቀን ሙሉ ዕንባ እምቢ ያላት ለዚህ ነበር፤ ተቆጥታዋለች።

አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ዘምዘም ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት፤ ከዚያም በየወሩ። ዕጢው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ሳለ ከተገኘ ዓይኑ ይተርፋል። የልጅቱ እናት፣ የሰይድ ሚስት ሸምሲያ ግን ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ናትና አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት አትወጣም። የሐሚዳ እናት ወንድም ሸህ አብዱልሐሚድ ነገ ወደ ወሎ ይመለሳሉ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ደግሞ ልጅቱን ለሐሚዳ የሚሰጥ የለም።

«ልጅቱ ምን ሆነች? ዓይኗ እንደ ኮከብ ነው» አሉ ሸሁ፣ በሽታው በእናቷ በኩል መውረዱን ነግራ ስትጠይቃቸው። «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል በሽተኛ ብለሽ ያገኘሽው የእኛን ደም ነው?»

እሳቸው ራሳቸው ዓይኑ ያበጠ ሕፃን መቅበራቸውን፣ ለትዳር የደረሱ ሦስት ሴት ልጆችም እንዳሏቸው ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ማንም ቀና አላለም።

የሐሚዳ እናት ወይዘሮ አዝመራ ዘምዘምን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የአባቷን ዓይን አጠፋሽ። አሁን ደግሞ በማኅፀኔ አሳበሽ የልጅቱን መጣሽ።»

ሐሚዳ ስለ ሁለቱ ምልክቶች እንደገና ለማስረዳት አፏን ከፈተች። ከዚያ ሕፃኗን አየች፤ የምትናገረው ተለወጠ።

«አዎ» አለች። «በሽቦው የወጋሁት እኔ ነኝ።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ስንቱን ባለደም አስታርቀዋል። ዓይን ያጠፋ ካሳ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?»

«ይከፍላል።»

«እንግዲያው የሰይድን ዓይን ለልጁ ልካሳት። በየወሩ ሐኪም ዘንድ የምወስዳት እኔ ልሁን። ስለ ዘር፣ ስለ ደም ከእንግዲህ ቃል አይወጣኝም።»

የሸሁ ሴቶች ልጆች ነገ ሳይመረመሩ የሚወልዷቸውን ሕፃናት አሰበች። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ። «ካሳ ልክፈል ያለን መመለስ ነውር ነው። ሰኞ ትውሰዳት።»

እናቷ ወደ ሐሚዳ አልዞረችም፤ ወደ ሴቶቹ ነው የዞረችው። «አላልኳችሁም?» አለች።

ሐሚዳ ወጣች። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ደርቋል። እጇን እንደዘረጋች ቆማ ሳለች ሸምሲያ ልጅቱን አዝላ፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከኋላዋ መጣች።

«ሰይድ ነግሮኝ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «እንዳልነካሽው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ከእማ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።»

ሸምሲያ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ታፈስላት ጀመር። እጇ ከጠራ በኋላም ሐሚዳ አላነሣችውም፤ ሸምሲያም ማፍሰሷን አላቆመችም።