የጋሼ ዓባይነህ ባሕር ዛፍ አወዳደቅ

ጋሼ ዓባይነህ «ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» አሉ።

ደጅ ላይ አርባ ሰው ቆሟል። ገመዱ ታስሯል፣ መጋዙ ቤንዚን ጠጥቷል፣ ፋሱ ተስሏል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ባሕር ዛፍ ከጓሮ በኩል ቤቱ ላይ አዘንብሎ «መቼ ነው?» የሚል ይመስላል። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ጋሼ፣ በማርያም ይውጡ» አለ ቸኮል በሩ ላይ ቆሞ። «ካመለጠን እኮ ጣራው ላይ ነው የሚያርፈው።»

«እንግዲያው እንዳያመልጥህ።»

«ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ።»

«እኔ ውስጥ ካለሁ አትሳሳትም። ከወጣሁ ግን ትቀልዳለህ። አውቅሃለሁ፣ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ቸኮል አባቱ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ አልታዬ እጁን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ገባች፤ ጋሼ ዓባይነህም እንደ አብራክ ልጃቸው አሳደጉት። አሁን ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ወርዶ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። እንጨት ያውቃል። ሃምሳ ክንድ የቆመ ዛፍ ግን ጥሎ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ እሱም ያውቃል፣ አርባውም ሰው ያውቃል።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። አንድ የነሐሴ ነፋስ ዛፉን ገፍቶ ወደ ቤቱ አጋደለው። ደሴ የምትሠራው የጋሼ ዓባይነህ ልጅ መቅደላዊት ለፋሲካ መጥታ ስታየው ጭንቅላቷን ያዘች። እናቷ ካረፈች ጀምሮ «ብቻህን አትኑር፣ ደሴ እንሂድ» ስትላቸው፣ እሳቸውም ዛሬ ነገ ሲሏት ነበር የቆዩት። አሁን ሰበብ አገኘች።

«አባዬ፣ ይሄ ዛፍ ቤቱን አንድ ቀን ቢነካው፣ በማግስቱ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሃለሁ። እሺ በለኝ።»

«ዛፉ ቤቴን ከነካው እሄዳለሁ፣ ሚካኤልን!» አሉ።

ጋሼ ዓባይነህ የማሉትን አያጥፉም። ደሴ ማለት ደግሞ ለሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሰው ጣራ መቁጠር ነው። ስለዚህ ዛፉ ክረምት ሳይገባ መውደቅ አለበት፤ ሲወድቅም ቤቱን መንካት የለበትም። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነበር።

ቀን ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ሆነ። ሰኞ ገብርኤል፣ ረቡዕ ማርያም፣ ሐሙስ ገበያ፣ ዓርብ ለእስላሙ ጁምዓ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት። የቀረችው ማክሰኞ ብቻ ነበረች። ማክሰኞ ጠዋት የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም ደቦ ወጣ። አልታዬ ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለእስላሙ የማያሰክረውን ቅሪቦ በእንስራ በእንስራ አሰልፋ፣ «ሳይወድቅ የሚጠጣ የለም!» ብላ ዱላ ይዛ ቆመችበት።

ቸኮል ከበሩ ተመልሶ መጣ።

«እሺ አሉ?» አለው ሃሩን። ሃሩን አጥራቸው ከጋሼ ዓባይነህ ጋር የገጠመ፣ ከተማ እህል የሚነግድ ጎረቤት ነው። የሞተር መጋዙን ለምኖ ያመጣው እሱ ነው።

«እምቢ አሉ።»

«አብሽር። እንዳሉ እንጥለዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

ቸኮል በሜዳው በኩል በፋስ አፍ ከፈተለት። ፍንጣሪው ይበር ጀመር፤ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ሰረሰረ። ከዚያ ሃሩን መጋዙን አስነሣ። ሲጮህ ዶሮው ሁሉ አጥር ዘለለ። በቤቱ በኩል ገብቶ ግንዱን ይበላው ጀመር፤ ሰውም «ማሻአላህ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። አጋማሹ ላይ ሲደርስ ዛፉ «ቅርርር» አለና ክብደቱን ወደ ቤቱ ጣለ። መጋዙ ተነከሰ። ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ።

ሃሩን ቢስብ፣ ቢያወዛውዝ፣ አልወጣም።

«ወላሂ፣ መጋዙ የሰው ነው!»

«ቸኮል!» ብሎ ጮኸ ደሳለው ከገመዱ ጫፍ። ደሳለው የአገሩ ዘፋኝ ነው፤ እሱ ግጥም ካላወረደ ደቦ አይሞቅም። «ይሄ እኮ አልጋ አይደለም!»

«የሞተ እንጨት ነው የለመደው፤ የቆመ ሲያይ ይደነግጣል!» አለ ሌላው።

ቸኮል ፊቱ ጋለ። ስንጥቁ መጋዙን እንዳይነክስ ሽብልቅ ቀድሞ ማስገባት ነበረበት፤ በር ሲሠራ የማይረሳውን ዛሬ ረሳው። ቀና ብሎ አየ፦ ግማሹ የተቆረጠ ዛፍ፣ ከሥሩ ቤት፣ ከቤቱ ውስጥ አጎቱ። ከምዕራብ ደመና ይሰበሰባል። ነገ ማርያም ናት፤ ፋስ የሚያነሣ የለም። ዛፉ እንዲህ ሆኖ አያድርም። ዛሬ ይወድቃል፤ ጥያቄው የት ነው እንጂ መቼ አልነበረም።

ከደረቅ ወይራ ሁለት ሽብልቅ ጠረበና ከመጋዙ ግራና ቀኝ ስንጥቁ ውስጥ ሰካ። ከዛፉ አናት ወደ ሜዳው ሁለት ገመድ ወርዷል፤ ጭነት የሚታሰርበት የጠፍር መጫኛ እየተቀጣጠለ የረዘመ። ዛፉ መሐል ለመሐል እንዲሄድ አንዱን የላይ ሰፈር፣ አንዱን የታች ሰፈር ይዞ ተራራቀ።

«ስሙኝ!» አለ ቸኮል። «ደሳለው ግጥም ሲል ይዛችሁ ትቆማላችሁ፤ እኔ እመታለሁ። ‹ሆ› ሲባል ትስባላችሁ፤ እኩል! ከዚያ ውጭ ማንም እንዳይስብ!»

ደሳለው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የላይ ሰፈር ልጅ ነው ክንዱ የብረት፣
ሲስብ ያስንቃል የሞተር ጉልበት!»

ቸኮል መታ፤ ሽብልቁ አንድ ጣት ገባ። «ሆ!» አለ ሜዳው። ገመዱ ተወጠረ። ዛፉ ቀና አለ፤ ትንሽ፣ ግን በዓይን የሚታይ። አልታዬ እልል አለች። ሌላ ግጥም፣ ሌላ ምት፣ «ሆ!»። መጋዙ ተላቀቀና ሃሩን ነጥቆ ሮጠ፤ እንደ ሕፃን አቅፎት። የሁሉም ደም ፈላ። ዛፉ ሊቆም ነው! ሁለት ምት ቢጨመርለት ሚዛኑን ያልፍና በራሱ ይሄዳል!

ችግሩ ደሳለው የላይ ሰፈር አማች ነው። ሁለተኛውንም ግጥም ለነሱ ሰጠ። ሦስተኛውንም። የታች ሰፈር እየሳበ ተራውን ጠበቀ፤ የአንገቱን ሥር እየገተረ ጠበቀ። አራተኛው መጣ፦

«የላይ ሰፈር ጎበዝ ተራራ ይነቅላል፣
የታች ሰፈር መጥቶ ገመድ ይደግፋል!»

«ማን ነው የሚደግፍ?» የሚል ጩኸት ተነሣ። «ዘራፍ!» አለ አንዱ። «ዘራፍ!» አሉ ሃያው። ቸኮል መዶሻውን ገና እያነሣ «ቁሙ! ቁሙ!» ይላል፤ ማን ይስማው። የታች ሰፈር ነፍሱን ሰጥቶ መነጨቀ።

ዛፉ ወደነሱ ተጠማዘዘ። ወዲያው መጫኛው «ጧ!» ብሎ ተበጠሰና ሃያ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ተከመረ። የላይ ሰፈር ብቻውን አልቻለም፤ ገመዱ እጁን ልጦ አመለጠው። ዛፉ ከጉቶው ላይ ተሰንጥቆ ዞረ፤ እንደ ሰካራም ሜዳውን አየና ቤቱን አየ፤ ከዚያ እየተንሿሿ ወደ ቤቱ መጣ። ቸኮል ዘሎ ተጋደመ። ዓይኑን ጨፍኖ የቆርቆሮ ድምፅ ጠበቀ።

አልመጣም። ዛፉ ከቤቱ ማዕዘን አጠገብ ያለው አሮጌ ወይራ ባላ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አናቱ ከጣራው በላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ በግንዱና በቆርቆሮው መካከል አንድ ክንድ ቢገኝ ነው።

ቸኮል ተነሥቶ ቤት ውስጥ ሮጦ ገባ።

«ወደቀ?» አሉት ጋሼ ዓባይነህ።

«ወይራው ላይ ተንጠልጥሏል! ይውጡ!»

«ቤቴን ነካ?»

«አልነካም፤ ግን—»

«እንግዲያው ሥራህን ጨርስ።»

ቸኮል እጃቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ ቤት ይሠራል። እርስዎን ማን ሠርቶ ይሰጠኛል?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «በል ዱላዬን አቀብለኝ» አሉ።

ሲወጡ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ቀና ብለው ዛፉን፣ ዝቅ ብለው ጉቶውን አዩ።

«ቀኑን ሙሉ ጫፉን ስትጎትቱ ዋላችሁ። አሁን እግሩን ሳቡት። እግሩ ወደ ሜዳው ሲሄድ ራሱ ከወይራው ላይ ተንሸራቶ ይከተላል።» ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ዞሩ።

«ወዴት ነው?» አለች አልታዬ ጋቢያቸውን ጨምድዳ።

«ወደ ቤቴ።»

«ትሞታለህ እንጂ አትገባም!»

«ካልገባሁ እኮ ነው የምሞተው። ልቀቂኝ አንቺ ሴት!»

«ወንድምዓለም፣ በአባታችን አጥንት!» ጎትታ ከእንስራዎቹ ጎን ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና ጋቢያቸው ላይ ተቀመጠችበት። ቢነሡ ያለ ጋቢ ነው።

ቸኮል የቀረውን መጫኛ በግንዱ እግር ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረ። «አንድ ገመድ ብቻ ነው። ከላይ ሰፈር አንድ፣ ከታች ሰፈር አንድ፣ እየተፈራረቃችሁ ያዙ። ደሳለው፣ አንተ መሐል ግባና ሳብ። አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።»

«ያለ ዘፈን እንዴት ይሳባል?»

«በዝምታ።»

እየተጉረመረሙ ተሰባጠሩ። ሃሩን ፊት ሆነና «ቢስሚላህ!» አለ። ከኋላው ያለው «በስመ አብ!» አለ። ሳቡ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ግንዱ ከጉቶው ላይ አንድ ስንዝር ወረደ። ቆመ። እንደገና። መሬቱን እያረሰ ክንድ ሄደ። ከላይ ወይራው ያቃስታል፤ ባሕር ዛፉ ቅርፊቱን እየላጠ በባላው ውስጥ ይንሸራተታል። ቸኮል ከጎን እየሮጠ አንዴ ጫፉን፣ አንዴ ጣራውን ያያል።

«መጣ! መጣ! ሳቡ! ሽሹ!»

ዛፉ ከወይራው ወረደ። ከግድግዳው ትይዩ፣ በቤቱና በአጥሩ መሐል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ተዘረረና ምድሩን አስደነገጠ። የሽንት ቤቱን በር፣ የዶሮ ቆጡንና አሥር ክንድ አጥር ይዞ ሄደ። ቤቱ ቆሟል! አርባ ሰው በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። ቸኮል ሃሩንን አቀፈ፤ የላይ ሰፈር የታችን ተሸከመ። ጩኸቱ ሳያባራ ወይራው ላይ የተሰበረው ባላ «ቀጭ!» አለና ጣራው ላይ ወደቀ። ሦስት ቆርቆሮ ተገነጠለ።

ያኔ ነው ሁሉም ወደ ጋሼ ዓባይነህ የዞረው።

«ነካ» አሉ ቀስ ብለው።

«ባሕር ዛፉ አልነካም!» አለ ሃሩን። «የነካው ወይራው ነው! መሐላው በየትኛው ዛፍ ነበር?»

«በባሕር ዛፉ» አሉ።

«አለቀ!»

«ወይራውን የሰበረው ማን ሆነና?» አለ ደሳለው፤ አልታዬ በዓይኗ ቆረጠችው።

ተሰብስበው ሳር ላይ ተቀመጡ። እንደ ድንበር ክርክር ተከራከሩ፤ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ቅጠሉን እያነሣ «ይኸው፣ ወይራ! ይኸው፣ ወይራ!» እያለ መሰከረ። በመሐሉ የቸኮል ስልክ ጮኸ። መቅደላዊት ናት። ድምፁን ከፍ አድርጎ መሐላቸው አስቀመጠው። ሃሩን ስለ ወይራው አስረዳት፤ ደሳለውም ደገፈው፤ እሷም እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ቸኮል አለ?» አለች። «አንተ ንገረኝ። የወይራና የባሕር ዛፉን ነገር ተወው። አባዬ እዚያ ቤት ብቻውን መኖር ይችላል?»

ቸኮል የጣራውን ቀዳዳ አየ። አጎቱን አየ፤ እሳቸው እሱን አያዩም፣ የዱላቸውን ጫፍ ነው የሚያዩት። ሊዋሽ ይችል ነበር።

«ብቻቸውን አይችሉም» አለ። «እኔ መጥቼ አብሬያቸው እኖራለሁ።»

«ሱቅህስ?»

«በእግሬ እመላለሳለሁ።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አንተ ካለህ ይቀመጥ» አለች።

«ሰው ሚስት ያገባል፣ የኔ ልጅ ሽማግሌ አገባ!» አለች አልታዬ። የመጀመሪያውን ጣሳ ጠላ ቀድታ ለወንድሟ ሰጠች፤ ሁለተኛውን ለቸኮል። ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

ቸኮል ሐሙስ የጣራውን ቆርቆሮ መታ። ዓርብ ከሱቁ አልጋውን በአህያ አስጭኖ አመጣ። ጋሼ ዓባይነህ ዙሪያውን ዞረው አዩት።

«ይሄ ለሁለት ሰው ነው።»

«ለሙሽሮች ብዬ የሠራሁት ነው፤ ሳይሸጥ ቀረ።»

«እንግዲያው ሁለተኛዋን ቶሎ ፈልግ። እኔ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም» አሉና ከልባቸው ሳቁ።

ሁለት ክረምት ቆዩ። ያረፉትም እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ መደባቸው ላይ ነው።