የጥርስ ሐኪሙ ሞገድ

በአማተር ሬዲዮ ማኅበራችን ሞገድ የሚያድሉት ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ነበሩ። አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ድምፅ ተቀብሎ ከተራራው ማዶ ለሚያሻግር ሪፒተር የሚሆን ሞገድ በስብሰባ ላይ ጠየቀቻቸው። ሰንጠረዣቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ሁሉም ተይዟል» አሏት።

«ይሄኛውስ ጋሼ? ሦስት ወር ሙሉ ሳዳምጠው ትንፍሽ ያለበት የለም።»

«እሱ የእኔ ነው። ሪፒተር ልተክልበት አስቤያለሁ።»

«መቼ ነው ያሰቡት?»

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።»

አባላቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሐኪሙ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። «ሞገድ የአውቶቡስ ወንበር ነው እንዴ፣ ባዶ ባየ ቁጥር ሰው የሚቀመጥበት?»

እጅ ወጣና ሞገዱ ለነርሷ ተሰጠ፤ በወሩ ሪፒተሯን ተከለች። ዛሬ ከሁሉም አብዝተው የሚያወሩበት ሐኪሙ ናቸው። በየማለዳው «መስመሩ ተጨናነቀ» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ያማርራሉ፤ ነርሷም ለመናገር ተራ ትጠብቃለች።