ፈረንጁ የመለሰው ኮድ

በሕይወቴ «አስተካክለህ ተመለስ» ያለኝ ሰው ሁሉ እንዳልመለስ የፈለገ ነው። ያልተባልኩበት ቢሮ የለም። ሲኤምሲ ቪላ ስንሠራ ኢንጂነር አያሌው የሚሉት ሰው ያቆምኩትን ግድግዳ በጫማው ገፋ አድርጎ «ድገመው» አለኝ። ምኑን እንደምደግም ግን አልነገረኝም። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ግንበኛ ምን ይነገረዋል! ዛሬም በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ስለዚህ ልጄ ፈሂማ፣ ጎሮ ቤታችን በረንዳ ላይ ላፕቶፗን ዘግታ «አባዬ፣ መለሱብኝ» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

ክረምቱን ሙሉ የደከመችበት ኮድ ነው። የኮምፒውተርን ፍጥነት ይቆጣጠራል አለችኝ፤ ሥራ ሲበዛ ያፈጥነዋል፣ ሥራ ሲጠፋ ያዘገየዋል፣ ባትሪ እንዲቆጥብ።

«ፎርማን ሲመጣ እንደሚፈጥነው የቀን ሠራተኛ ነዋ!»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ከየአገሩ ሰው በኢንተርኔት ተሰባስቦ በነጻ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ኮዷ ከገባላት ስሟም አብሮ ይገባል። አይቶ የሚያስገባው ደግሞ አንድ ፈረንጅ ነው።

«አይሠራም አለሽ?»

«ይሠራል አለ። አጻጻፉን ነው። እዚህ ክፍተት በዛ፣ እዚያ መስመሩ ረዘመ፣ አስተካክለሽ ላኪው... በቃ፣ ትቼዋለሁ።»

«ተዪው! አልፈልግሽም ማለቱ ነው። እኔ አውቃቸዋለሁ። እስቲ አንብቢልኝ፣ ስድቡን ልስማው።»

ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። ስድቡን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ሰውዬው መስመር በመስመር ወርዶ የቱ ጋ እንደተሳሳተች አሳይቷታል፤ አንዱንማ ራሱ ጽፎ «እንዲህ ቢሆን» ብሏታል። ጽሑፉ ማለቂያም የለው።

«ይሄን ሁሉ የጻፈው ላንቺ ብቻ ነው?»

«አዎ።»

አያሌው አንድ ቀን ጣቱን ቀስሮ «እዚህ ጋ ጎብጧል» ቢለኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ያንን ግድግዳ እየዘፈንኩ ነበር የማፈርሰው።

«ልጄ፣ የማይፈልግሽ ሰው እንዲህ አይደክምልሽም። አስተካክይና ላኪለት።»

«አሁን ተዪው አላልክም እንዴ?»

«ብያለሁ። በአያሌው ሒሳብ ነበር ያልኩሽ።»

«አቤት አባዬ፣ ቂምህ!» አለችና ወንበሯን ወደኔ ሳበች።

ስታርም አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ፊደል ባይገባኝም አልተነሳሁም። ስትጨርስ «ልላከው?» አለችኝ።

«ላኪው።»

በአንድ እጇ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ በሌላው ላከችው።