ከእሁድ በፊት የቆመው ግድግዳ

ቤረንድ ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጁን የረገጠው ሐሙስ ከሰዓት፣ ለሚስቱ የዘቢብ ዳቦ ሊገዛ መኪናውን ሲያቆም ነው። መኪናው የጌዚናን ዳቦ ቤት የጎን ግድግዳ በርቅሶ ገባ፤ የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑን ጨፍልቆ ከትልቁ የጡብ ምድጃ ጋር ተላተመና ቆመ። ጌዚና በዚያች ደቂቃ ፊት በኩል ባለው መሸጫ ክፍል ባትሆን ኖሮ ይህ ታሪክ የቀብር ታሪክ ይሆን ነበር።

ሽማግሌው ከአቧራው ውስጥ ወጣ።

«ምን አደረግሁ፣ ጌዚና?»

«እርስዎ ተርፈዋል አይደል፣ አጎቴ? ግድግዳ እንደሆነ ይሠራል።»

አጎቷ አይደለም፤ እዚያ «የመጀመሪያ ጎረቤት» የሚሉት፣ የግድግዳ ጎረቤቷ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ሌላው ጋ ተረት ነው፤ በዚያ በሆላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ግን ካልተጻፈ ሕግ አይተናነስም። የግድግዳ ጎረቤት ሲወለድለት ደጁን ያስጌጡለታል፣ ሲሞት ሬሳውን ይሸከሙለታል። የጌዚና ባል ሲሞት የሣጥኑን ራስጌ የያዘው ቤረንድ ነበር። የእሱ ሚስት አሊዳ ትዝታዋ እየጠፋ ሄዶ መጦሪያ ቤት ስትገባ ልብሷን በሻንጣ ያዘጋጀችው ደግሞ ጌዚና ነች።

መጦሪያው ሃያ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አውቶቡስ በደጁ አያልፍም። ቤረንድ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እየነዳ ይሄዳል። ፔዳል እንደተምታታበት ከታወቀ ለምርመራ ይጠሩታል፣ ምርመራውንም ወድቆ መንጃ ፈቃዱን ያጣል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ማታውኑ የኢንሹራንሱን የአደጋ ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ብዕሩን ጌዚና ያዘች።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን ነዋ፣ ልጄ።»

«የሆነውን ከጻፍኩማ አክስቴ አሊዳን ማን ያያታል?» አለችና በደንብ በሚነበብ የእጅ ጽሑፏ እንዲህ ጻፈች፦ ለማቆም ሲጠጋ ተንሸራቶ የውጭውን ግድግዳ ነካ።

«ምድጃውስ?»

«ቆሟል እኮ! ሰባ ዓመት የቆመ ምድጃ ነው።»

ማቡኪያውን ዝም ብላ ተወችው፤ አርጅቷል ብላ ራሷን አጽናናች። ሁለቱም ፈረሙ። የዋህነት ይሉታል፤ እኔ ግን ጅልነት ብለው አላፍርም።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ግንበኛው ሃርም ስድስት ጎረቤቶች አስከትሎ ከች አለ። ማንም አልጠራቸውም፤ መጥሪያ የሚጠብቅ ጎረቤት እዚያ አገር ጎረቤት አይባልም። ፍርስራሹን ጠረጉ፣ የተጨፈለቀውን ማሽን በተጎታች ጭነው ለብረት ሰብሳቢ ሰጡ፣ ጡብ ደረደሩ። ቅዳሜ ሲመሽ ግድግዳው ተለስኖ ነበር። ጥድፊያው ለእሁድ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። ቤረንድ ሰው እያየው በፈረሰው ግድግዳ ፊት እንዲያልፍ ማንም አልፈለገም።

«ለኢንሹራንሱ ፎቶ እናንሳ ይሆን?» ብላ ጌዚና ጠይቃ ነበር።

«የሰው ገበና ፎቶ ይነሳል እንዴ?» አለ ሃርም የግንበኛ ማንኪያውን እየጠረገ። «ይልቅ ቢራውን ወዲህ በይ!»

በሦስተኛው ሳምንት ዳቦው በአንድ ወገን እያረረ በሌላው ጥሬ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ጌዚና በተዋሰችው ማቡኪያ አሳበበች፣ ከዚያ በዱቄቱ፣ ከዚያ በራሷ። አንድ ንጋት የምድጃው ጣሪያ ጓ ብሎ ተሰነጠቀ። የመጣው የምድጃ ባለሙያ የእጅ ባትሪውን ወደ ውስጥ አብርቶ ብዙ ቆየ።

«ጀርባው ሁለት ጣት ተገፍቷል» አላት። «ይሄን ጥገና አይመልሰውም፣ ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት።»

የቤረንድ ኢንሹራንስ የጉዳት ገማች ላከ። ጨዋ ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። አዲሱን ግድግዳ በጣቱ አንኳኳ።

«ጎበዝ ግንበኛ ነው የሠራው። ፍርስራሹስ የት አለ?»

«ተጣለ።»

«ማሽኑስ?»

«ለብረት ሰብሳቢ ተሰጠ።»

«ፎቶ?»

«አላነሳንም።»

ወጣቱ ቅጹን አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«ይህ የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ።»

«ግድግዳውን ነካ ይላል። ግድግዳውን እንከፍላለን፣ እመቤት። ስለ ምድጃው ግን እርስዎ ራስዎ ምንም አልጻፉም።»

የራሷ የዳቦ ቤት መድንም ያንኑ ቅጽ አይቶ ምድጃው በእርጅና ነው የተሰነጠቀው አላት። ዳቦ ቤቱ ተዘጋ።

ወሬው ለቤረንድ በሃርም አፍ በኩል ደረሰው። የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ ለማንም ሳይናገር ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄደ፤ ሁሉንም ተናገረ። ማታ ደጇን አንኳኳ።

«ነገርኳቸው፣ ጌዚና።»

«ምነው አጎቴ! ሳያማክሩኝ?»

«ባማክርሽ ትከለክይኝ ነበር።»

ያኔ ጌዚና ገነፈለች። ስንት ሳምንት የዋጠችው ንዴት ነው። «ያን ዕለት ማታ ቢናገሩስ ኖሮ! ብዕሩን ቢቀሙኝስ!»

«ያን ዕለት አንቺ ስትጽፊ እኔ ደስ አለኝ» አለ ሽማግሌው። «አልዋሽሽም። ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መልሱ በደብዳቤ መጣ፦ የተጻፈውና አሁን የተነገረው አይገጥምም፣ ሁለቱ ሰዎች ወዳጆች ናቸው፣ ማስረጃው በገዛ እጃቸው ጠፍቷል፤ ስለ ምድጃው የሚከፈል የለም። እውነቱ ለምድጃው አልጠቀመም፤ ቤረንድን ለምርመራ ለማስጠራት ግን በቅቷል። መንጃ ፈቃዱን ተቀማ።

አሁን ጌዚና ጠዋት ጠዋት ሱፐርማርኬት ውስጥ የፋብሪካ ዳቦ ትደረድራለች። ስምንት ሰዓት ሲሆን በዳቦ ማከፋፈያ መኪናዋ ቤረንድን ትወስደዋለች። ትቆጣዋለች፣ አንዳንድ ቀን መንገዱን ሙሉ አታናግረውም፤ ግን ትወስደዋለች። የመጀመሪያ ጎረቤቱ ነች። ከኋላቸው ባዶዎቹ መደርደሪያዎች ይንኳኳሉ።

መጀመሪያ የሄዱ ቀን አሊዳ ከወንበሯ ቀና ብላ እጃቸውን አየች።

«ጌዚና፣ የዘቢቡ ዳቦስ?»

«ዛሬ አልቆብኝ ነው፣ አክስ—»

ቤረንድ የጌዚናን ክንድ ያዘ። ቆቡን አውልቆ ሚስቱ ፊት ተቀመጠ።

«አላለቀባትም። ፍሬን መስሎኝ ነዳጅ ረገጥኩና ምድጃዋን ሰበርኩት፣ አሊዳ። ከዚያም ዝም አልኩ።»

አሊዳ አፏን በእጇ ከደነች። «አንተ! ይቺ ምስኪን በምን ትኖራለች? ካስካት?»

«አልካስኳትም።»

አሊዳ የጌዚናን እጅ ይዛ እስኪመሽ አለቀሰች።

በማግስቱ ረስታዋለች። ከወንበሯ ቀና ብላ እጃቸውን አየች፤ «የዘቢቡ ዳቦስ?» አለች። ጌዚና ወደ መስኮቱ ዞረች። ቤረንድ ቆቡን አውልቆ ነገሩን እንደገና ከፍሬኑ ጀመረ።