ሳይደርስ የተበላው ካሮት

ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ጠዋት ወደ ስፌት ቤቱ ስወጣ እሱ ገና ከዳቦ ቤቱ አልተመለሰም፤ ማታ ስገባ ደግሞ ወጥቷል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ እየኖርን ሆድና ጀርባ ሆንን፣ ያውም ሳንጣላ! ስተኛ ትራሱ ዱቄት ዱቄት ይሸተኛል፤ አቅፌው አድራለሁ። እሁድ ትቀረን ነበር፣ እሷንም አለቃው ትእዛዝ በዛ ብሎ ወሰዳት።

የተረፈን አንድ ጠርሙስ ነበር። ጠዋት ካሮትና ኪያር በቀጫጭኑ እቆርጥና ከቀይ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። አቸቶና ውሃ እኩል አድርጌ፣ ጨውና ቆንጠር ያለ ስኳር ጨምሬ አፈላና ከላይ አፈስበታለሁ። እሱ ተኝቶ እስኪነሳ ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ጎምዘዝ ያለ ነገር ያምረዋል። ግማሹን በልቶ ግማሹን ይተውልኛል፤ እኔም ማታ እሱ ከበላበት ስበላ አብሬው የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሞኝ ናት ካላችሁ፣ ባላችሁ ማታ ማታ ቤት ይገባል ማለት ነው።

ሰሞኑን ግን ጠርሙሱ ብዙም ሳይጎድል ይቆየኝ ጀመር። ደክሞት ነው፣ ነገ ይበላዋል ብዬ የኔንም ድርሻ ሳልነካ ተውኩለት። በማግስቱም እንዳለ ነው። ኪያሩ ለዘዘ፣ እሱ ግን አልነካውም። ያን ጊዜ ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ቁጭ አለ። ዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ የምትሸጠው ልጅ ሳቂታ ናት። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይሉ የለ? ሆድ ባሰኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ የስፌት መርፌ እሰብራለሁ።

ወደደኝም ጠላኝም ከራሱ አፍ ልስማው ብዬ፣ ለአለቃዬ ጥርሴን አመመኝ አልኩና ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ባለቤቴ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ካሮት ይቆርጣል። መቁረጥ ከተባለ፤ እንጨት የሚፈልጥ ነው የሚመስለው። አቸቶው ድስት ውስጥ ይፈላል።

“ዱቄቴ፣ ምን እየሠራህ ነው?”

“አንቺ! ምነው በሰላም? አመመሽ እንዴ?”

“እሱን ተወው። የሠራሁልህን አትበላም። ምን በደልኩህ?”

ቢላዋውን አስቀመጠ። “እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ የማትበዪው? ሥራ በዝቶባታል፣ ድርሻዋን ላብዛላት ብዬ ተውኩልሽ። ስመጣ እንዳለ አገኘሁት። በቃ፣ የኔ ነገር ሰልችቷታል አልኩ። ዛሬ እኔ ብሠራው ምናልባት ትቀምሰዋለች ብዬ ነው።”

“እኔ እኮ ለአንተ ነው የተውኩት!”

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። አቸቶ በነካ እጁ ዓይኔን ሲጠርግልኝ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ።

“ወይኔ፣ አሳወርኩሽ!” አለና እሱም ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ።

አቸቶውን አብረን አፈሰስንበት። ቶሎ ይደርሳል የሚባለውም ቢሆን ትንሽ መቆየት ይፈልጋል፤ ለእሱ ግን የሥራ ሰዓቱ ደርሷል።

“አልደረሰም እኮ” አልኩት ሹካ ሲያነሳ።

“ይቅር፣ አይድረስ። አሁን ካልበላን መቼ ልንበላ ነው?”

ትኩሱን እያወጣን በላን። ካሮቱ ጥሬ ነው፣ ሽንኩርቱ ምላስ ይለበልባል፣ ግን እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

“የቀን ፈረቃ ጠይቃቸው።”

“ጠየቅኩ። ተራህን ጠብቅ አሉኝ።”

ኮቱን ለበሰ። አትሂድ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ከኮቱ ላይ የተጣበቀ የክር ብጣሽ አነሳሁለትና ሸኘሁት።

መሸት ሲል ጠርሙሱን ከፈትኩ። ካሮቱ ሲያኝኩት ቀጭ ይላል፣ ሽንኩርቱ ለስልሷል፣ ጨውና ስኳሩም ልክ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። አልራበኝም ነበር። ጠዋት ሲገባ መብላቴን እንዲያይ ብዬ ግን ግማሹን፣ እያለቀስኩ፣ በላሁት።