ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ሳለ

ኦርፋ ብሩቤከር ያን ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ ጠረጴዛዋን ስታሰናዳ ማንም እንዲረዳት አልፈለገችም። ከሚያዝያ ጀምሮ ሁሉም ሲረዳት ከርሟል። በርዳታ ብዛት የሚሞት ሰው ቢኖር ኖሮ እስካሁን ተቀብራ ነበር።

በፔንስልቬንያ ገጠር ያለው የዚህ ተኩስ ክበብ ደንብ አጭር ነው። አዲስ አባል በመጀመሪያው ዓመት በመቶ ያርድ ርቀት አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ ሩብ ዶላር ሳንቲም ከተሸፈነ የበሩ ቁልፍ ይሰጠዋል። ካልሆነለት ይሰናበትና ተጠባባቂዎች መሀል ይሰለፋል፤ ወረፋው ስድስት ዓመት ነው። ኦርፋ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ያ ቅዳሜ ደግሞ የክበቡ ዓመት መዝጊያ ነበር።

ስለዚህ ተጠነቀቀች። ባለ ሦስት እግሩን የብረት ማስደገፊያ በሲሚንቶው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እንዳይነቃነቅ አጠበቀችው። ከላዩ ያለውን የአሸዋ ከረጢት በቡጢ ደለደለች፤ ጠመንጃው እንዲንሸራተትም የሕፃን ፓውደር ነሰነሰችበት። ባለ ሁለት ጆሮዋን ትንሽ ከረጢት ከሰደፉ ሥር አደረገች። ከሁሉ በላይ፣ ከአፈሙዙ በኩል ያለችው የማንገቻ ማሰሪያ ብረት ከፊተኛው ከረጢት ሁለት ጣት እንድትርቅ አድርጋ ቦታውን ጠመንጃው እንጨት ላይ በጠመኔ አሰመረች። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያቺ ብረት ከረጢቱን ከመታች ይነጥርና ጥይቱ ወዳሻው ይሄዳል። ይህን ለመማር ሙሉ በጋ ፈጅቶባታል።

የሜዳው ኃላፊ ዴልማር ቀይ ባንዲራውን ሰቀለ። ሁሉም ጥይቱን አውጥቶ ከጠረጴዛው ራቀ፤ ኦርፋም ወረቀቷን ይዛ ወደ ኢላማው ሄደች። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ በዚያ ሜዳ ጠመንጃ የሚነካ የለም፣ በጣት እንኳ። የነካ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ተመልሳ ባንዲራው ሲወርድ ሦስት ጊዜ ተኮሰች። በርቀት ማያ መነጽሩ ብታይ ቀዳዳዎቹ እንደ መሰላል ደረጃ ላይና ታች ሆነዋል። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን መረመረች። የጠመኔው መስመር ወደ ኋላ ሄዷል፤ ብረቷም ከረጢቱ ላይ ተለጥፋለች።

«ማነው ጠመንጃዬን የነካው?»

«እኔ ነኛ» አለ ከጎኗ ያለው ኤልውድ ስናቭሊ፣ ሾርባውን ከፔርሙሱ እየቀዳ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የክበቡ ግድግዳ ግማሹ የሱ ዋንጫ ነው። የጀማሪ ጠረጴዛ መነካካት ልማዱ ነው፤ የሱን ግን የሚደፍር የለም። «እንደ ዝይ ስትሰግጊ አሳዘንሽኝ፣ ማሬ። ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩልሽ።»

«መቼ?»

«ወረቀትሽን ልትሰቅይ ስትሄጂ።»

ኦርፋ ደሟ ፈላ። የተናደደችው ስለ ሦስቱ ጥይት አልነበረም። እሷ እዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ፣ እሱ እዚህ ጠመንጃ ያንቀሳቅሳል። አምስት ወንዶች ከኋላ ተቀምጠው አይተዋል፤ አንዱም ተው አላለውም። እሷ ብትሆን ኖሮ ገና እጇን ስትዘረጋ ይጮኹባት ነበር።

«ዴልማር፣ አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አለ ዴልማር ጫማውን እያየ። «ሊረዳሽ ብሎ ነው እኮ።»

«እኔ ከዚያ አፈሙዝ ፊት ነበርኩ።»

«ባዶ ነበር፣ ኦርፋ። በቃ፣ አዲስ ወረቀት ስቀይና ተኩሺ። ነገር አታክርሪ።»

ባንዲራው ዳግም ተሰቅሎ ሄዳ ሰቀለች። ስትሄድም ስትሰቅልም አንገቷን እያዞረች ጠመንጃዋን ታይ ነበር። ባንዲራው ሲወርድ ከረጢቶቿን እንደገና ደለደለች፣ ብረቷን አራቀች። ንዴቷ እስኪበርድላት ጠበቀች። ከዚያ አምስቱንም አከታትላ ተኮሰች።

ዴልማር ባንዲራውን ሰቅሎ ወረቀቱን አመጣ፤ ባንዲራውን መልሶ አውርዶም ሳንቲሙን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። አንድም ቀዳዳ አልታየም። ወንዶቹ አጨበጨቡ።

«አላልኳችሁም?» አለ ኤልውድ። «ትንሽ ሲነኳት ነው የምትተኩሰው።»

አንዱ ሳቀ። ዴልማር ቁልፉን ዘረጋላት፤ ኦርፋ ግን እጇን አላነሳችም። ሰባት ወር የለፋችበት ቁልፍ ነው፣ ሆዷ እየፈለገው ነው።

«መጀመሪያ የኤልውድን ተቀበል።»

«ምን ነካሽ? ሠላሳ አራት ዓመት የቆየ ሰው እኮ ነው።»

«እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ልጆች ከፊቴ እየተሻገሩ እግሬን ከፍሬኑ ባነሳ፣ ስንት ዓመት ነዳሽ ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም። የሱን ካልተቀበልክ የኔንም አስቀምጠው፤ እንዲህ ያለ በር አልከፍትም።»

ኤልውድ አንድ የሚያግዘው ፍለጋ ወደ ወንዶቹ ዞረ። ሁሉም ከረጢታቸው ላይ አጎንብሰው አሸዋ ይደለድላሉ።

ዴልማር አዲሱን ቁልፍ ኦርፋ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄዶ መዳፉን ዘረጋ።

«ኤልውድ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁልፉን።»