በደቂቃ ስልሳ ገጽ

የሙዚየማችን ስካነር መራጭ ኮሚቴ ሰባት አባላት ነበሩት። ከሰባቱ የፎቶ ክፍሉን በር ከፍተው የሚያውቁት ወይዘሮ ትበርህ ብቻ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቀውታል። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ።

ወይዘሮ ትበርህ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ሰኔ ላይ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት፣ ለገሃር ከነበረ ፎቶ ቤት የመጡት ስምንት መቶ የድሮ ፎቶዎች ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገቡላቸው። ቅባቸው እየተላጠ ነው፤ የፈረሰው የካዛንቺስ ሰፈር ደግሞ ከእነሱ በቀር ሌላ ማስታወሻ የለውም።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ደምበል አካባቢ ባለ ሆቴል ነበር። ሙዚየሙ አዳራሽ አጥቶ ሳይሆን ሳምቡሳ ስለማያቀርብ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተሰበሰብን፤ በአምስተኛው ስብሰባ የሠራነው ሥራ የአራተኛውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ብቻ ነበር። የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ሲዘጋጅ፣ ከራስ አዲስ ነገር መጻፍ ለኦዲት አይመችም ተባለና፣ አንድ መዝገብ ቤት አምና ከገዛበት ሰነድ ላይ ተገለበጠ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አጥፍቼ የኛን የተካሁት እኔው ነኝ።

ግንቦት ላይ ስካነሩ መጣ፤ ሪባንም ተቆረጠ። ለሙከራ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤዎች በሙሉ አጎረስነው። በደቂቃ ስልሳ ገጽ እየሳበ ዋጣቸው፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ወይዘሮ ትበርህ በነጠላ የጠቀለሉትን አንድ ፎቶ ገለጡ። እንደ ድሮው አሠራር በወረቀት ፈንታ መስታወት ላይ የተነሳች ሙሽራ ናት። ማሽኑ የሚስበው ወረቀት ብቻ ነው።

ሰብሳቢያችን አቶ ወልደአረጋይ ተቆጡ። «መስታወት መሆኑን ለምን ቀድመው አልነገሩንም?»

«ተናግሬያለሁ» አሉ ወይዘሮ ትበርህ።

ቃለ ጉባኤው ይታይ ተባለ። ከፈትኩት፤ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። የመጀመሪያ ስብሰባ፣ ተራ ቁጥር ሦስት፦ «ወይዘሮ ትበርህ ፎቶዎቹ መስታወት መሆናቸውን ገልጸዋል። ኮሚቴው አመስግኖ ወደ ሻይ ዕረፍት አልፏል።» የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

አቶ ወልደአረጋይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ለመስታወቱ ሌላ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ ትበርህ ፎቶውን መልሰው ሲጠቀልሉ የሙሽራዋ ግማሽ ፊት ተልጦ ነጠላው ላይ ቀረ።

አፈርኩ። አፍሬም ብዕሬን አወጣሁና የአቶ ወልደአረጋይን ሐሳብ መዘገብኩ።